ከቀዳዳው ጥበት የቅርጫቱ ስፋት

በቤቱ ቢራ የሚጠምቅ ሰው ቢራን ለሚያመርረው አበባ፣ ለሆፕ፣ ማጣሪያ ሊገዛ ወይም ሊሠራ ሲነሣ፣ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ወንፊቱ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ቢራው የሚጠራ ይመስለዋል። እኔ ይህን አካሄድ አልቀበለውም። ጥሩ ማጣሪያ ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ሆፑ ምሬቱንና መዓዛውን ለብቅሉ ጭማቂ ሳይሰስት እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ ከዚያ በኋላ ጭማቂው ከድስቱ ሲቀዳ ገለባው ቧንቧውን እንዳይደፍን ያግዳል። ለሁለቱም ከቀዳዳው ጥበት ይልቅ የቅርጫቱ ስፋት ይበልጣል። ቢራን የሚያጠራው ደግሞ ከማጣሪያው ውጭ ያለ ነገር ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከሆፑ መልክ ነው። አበባው እንዳለ ደርቆ ሲጨመር ግርጌ ላይ ተከምሮ ራሱ ማጣሪያ ይሆናል። የቀድሞዎቹ የእንግሊዝ ጠማቂዎች የተቀቀለውን ጭማቂ ወለሉ በተበሳሳ ትልቅ ዕቃ ውስጥ የሚያሳልፉት በዚህ ምክንያት ነበር፤ ወለሉ አበባውን ይይዛል፣ አበባው ደግሞ ዝቃጩን ይይዛል። ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ግን አበባው ተፈጭቶና ተጨምቆ የሚሠራው እንክብል ነው። እንክብሉ ትኩስ ጭማቂ ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ፈርሶ ዱቄት ይሆናል። የእኛ ጠማቂዎች ይህን ልዩነት ከጌሾ ያውቁታል። ለጠጅ የሚገባው በአብዛኛው የጌሾ እንጨት ነው፤ ሥራውን ሲጨርስ በቀላሉ ተለቅሞ ይወጣል። ለጠላ የሚገባው ተወቅጦ የደቀቀ ቅጠል ነው፤ ስለዚህ ጠላው ካልጠለለ ጉሽ ሆኖ ይቀራል። በአሜሪካ ጌሾ አጥተው ጠጃቸውን በሆፕ የሚጥሉ ኢትዮጵያውያንም እንክብል ሲገዙ፣ በእንጨት ፈንታ የደቀቀ ቅጠል እንደያዙ ቆጥረው ቢዘጋጁ ይሻላቸዋል።

የፈረሰ እንክብል ከክብደቱ ብዙ እጥፍ የሚሆን ጭማቂ መጥጦ ያብጣል። ጠባብ የወንፊት ቱቦ ውስጥ ሲሆን እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ሊጥ ይጠጥራል፤ ዳር ያለው ብቻ ሲታጠብ መሃል ያለው ለጭማቂው ሳይጋለጥ ይቀራል። ስሌቱን እንመልከት። ወርዱ 7 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ የሚይዘው 1.15 ሊትር ገደማ ነው፤ ጭማቂ የሚያሳልፈው የጎኑና የግርጌው መረብም ወደ 700 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቁመቱን ሳንነካ ወርዱን 15 ሴንቲ ሜትር ብናደርገው፣ መረቡ ወደ 1,590 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ የሚይዘው ደግሞ 5.3 ሊትር ይደርሳል። ወርዱ ከእጥፍ ጥቂት ብቻ ሲያልፍ፣ ለሆፑ የተተወለት ቦታ ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ያው 100 ግራም እንክብል በመጀመሪያው ይታፈናል፤ በሁለተኛው እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል። ቀዳዳን ማጥበብ የዚህ ተቃራኒ ውጤት አለው። ጭማቂው ሲቀቀል የሚረጋው የብቅል ፕሮቲን ከሆፑ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ጠባቡን ቀዳዳ ቶሎ ይለስነዋል፤ ያን ጊዜ በቅርጫቱ ውስጥ ያለው ጭማቂ ከውጭ ካለው ጋር መገናኘቱ ይቀራል።

«ጠባብ ቀዳዳ ቢያንስ የጠራ ቢራ ይሰጣል» የሚል ይኖራል። አይሰጥም። ለቤት ጠማቂ የሚሸጡት የብረት ቅርጫቶች በአብዛኛው የ300 ወይም የ400 ማይክሮን ቀዳዳ አላቸው። የእርሾ ሕዋስ ግን ከ5 እስከ 10 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ቢራን የሚያደፈርሰው የፕሮቲንና የፖሊፌኖል ጥምረት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ቀዳዳው ወደ 100 ማይክሮን ቢወርድም እርሾውም ድፍርሱም ያለ ችግር ያልፋሉ። ቢራን የሚያጠራው ጊዜና ቅዝቃዜ ነው። ጆርጅ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1851 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ እፍግታቸው እኩል የሆነ ቅንጣቶች በፈሳሽ ውስጥ የሚሰጥሙበት ፍጥነት በወርዳቸው ካሬ ልክ ይጨምራል። ስለዚህ የ300 ማይክሮን ቅንጣት ከ10 ማይክሮኑ 900 ጊዜ ፈጥኖ ይዘቅጣል። ዘገምተኛውን ድቃቂ ለማስቀረት የሚረዳው ዕቃውን ሳይነቀንቁ ቀዝቃዛ ቦታ ለቀናት ማቆየት ነው። በጋን ያለ ጠላ አተላው ሲዘቅጥ ከላይ የሚጠራውም በዚሁ ሕግ ነው።

ከዚህ የሚነሣ ከባድ ጥያቄ አለ፦ ትልቁ ገለባ በራሱ ፈጥኖ የሚዘቅጥ ከሆነ ቅርጫት ለምን አስፈለገ? ጭማቂውን በማማሰያ አሽከርክሮ ዝቃጩን መሃል ላይ መሰብሰብ አይበቃም? የሻይ ቅጠል ሲማሰል ለምን መሃል እንደሚከማች አልበርት አይንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1926 ያብራራበት ምክንያት እዚህም ይሠራል፤ ትልልቅ ፋብሪካዎችም ይጠቀሙበታል። እኔም ሆፑ ጥቂት ለሆነ ቢራ ማሽከርከሩ ይበቃል እላለሁ። በቤት ድስት ግን ሁለት እንቅፋት አለ። ጭማቂውን ለማቀዝቀዝ የሚነከረው ጥቅልል ቱቦ ሽክርክሪቱን ይሰብረዋል፤ ቁልሉም ለስላሳ ስለሆነ የመጨረሻዎቹ ሊትሮች ሲቀዱ ተንዶ ወደ ቧንቧው ይፈስሳል። ሆፑ ከ100 ግራም በላይ በሆነበት ቢራ ጠማቂው ወይ ብዙ ጭማቂ ድስቱ ውስጥ ይተዋል፣ ወይ የተደፈነ ቧንቧ በትኩስ ጭማቂ ውስጥ ይጎረጉራል። ከሁለቱም የሚያድነው ቅርጫት ነው።

ሌላው ተቃውሞ የምሬት ነው። በቅርጫት የታጠረ ሆፕ በድስቱ ውስጥ እንደተለቀቀው አያመርም ይባላል፤ አባባሉም እውነትነት አለው። የኪሳራውን መጠን ግን በቁጥር እንየው። የሆፕ አልፋ አሲድ ምሬት የሚሆነው ለረጅም ጊዜ ተቀቅሎ መልኩን ሲቀይር ነው። የቢራን ምሬት ለማስላት በሚያገለግለው የግሌን ቲንሴት ቀመር መሠረት፣ እፍግታው ከውሃ ጋር ሲነጻጸር 1.050 በሆነ ጭማቂ ውስጥ 60 ደቂቃ የተቀቀለ ሆፕ ከአልፋ አሲዱ የሚሰጠው 23 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። 10 በመቶ አልፋ አሲድ ያለው 30 ግራም ሆፕ ለ20 ሊትር ቢገባ፣ በሊትር 35 ሚሊ ግራም ገደማ መራራ ንጥረ ነገር ይገኛል። ቅርጫቱ ከዚህ አንድ አሥረኛውን ቢያስቀር እንኳ፣ 3 ግራም ያህል ሆፕ መጨመር ጉድለቱን ይሞላዋል። ሰፊ ቅርጫት አልፎ አልፎ በማማሰያ ሲነካካ ኪሳራው ይበልጥ ይቀንሳል። የጠባብ ቱቦ የባሰው ጉዳት፣ ሆፑ በምን ያህል እንደሚታፈን አስቀድሞ ስለማይታወቅ ከጠመቃ ወደ ጠመቃ ምሬቱ መለዋወጡ ነው፤ ለተለዋዋጭ ጉድለት ደግሞ በግራም ማካካሻ አይወጣለትም።

ቢራው ከተብላላ በኋላ ለመዓዛ በሚጨመረው ሆፕ ላይ የስፋት ጉዳይ ይበልጥ ወሳኝ ነው። ያን ጊዜ ፈሳሹን የሚያናውጥ እሳት ስለሌለ፣ የተጠቀጠቀ ቱቦ መሃሉ ሳይነካ ይወጣል። የካሊፎርኒያው ሴራ ኔቫዳ ቢራ ፋብሪካ «ቶርፒዶ» ብሎ በሰየመው የማይዝግ ብረት ሲሊንደር ውስጥ ሙሉ አበባ አስገብቶ ቢራውን በመካከሉ ያዘዋውራል። በአበባዎቹ መካከል ክፍተት አለ፤ ቢራውም በግፊት ይሄዳል። እንክብል የሚጠቀም የቤት ጠማቂ ሁለቱም ስለሌሉት ቱቦውን ከሲሶ በላይ ባይሞላው ይሻላል። የተብላላ ቢራን በወንፊት ላይ ማንቆርቆር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ አብሮ የሚገባው ኦክስጅን መዓዛውን ያጠፋዋል፣ ቀለሙንም ያጠቁረዋል። ማጣሪያው ቢራው ውስጥ ጠልቆ፣ ዕቃው እንደተከደነ ይሥራ።

በእጁ ለመሥራት የሚያስብ ሰው 304 የሚባለውን የማይዝግ ብረት ይምረጥ። የብቅል ጭማቂ አሲዳማ ስለሆነ፣ በዚንክ የተለበጠ ወንፊት ዚንኩን ወደ ጭማቂው ይለቃል። መጋጠሚያው እርሳስ ባለበት ብየዳ አይያዝ፤ ታጥፎ ይቀጥቀጥ ወይም በማይዝግ ብረት ይበየድ። የቅርጫቱ አፍ በድስቱ ከንፈር ላይ ተንጠልጥሎ ከአረፋው ከፍ ይበል፤ ግርጌው ደግሞ ሆፑ እንዳያርና ጭማቂው በሥሩ እንዲዘዋወር ከድስቱ ወለል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ብረት ላላገኘ ሰፊ የናይለን ከረጢት ይበቃዋል፤ አንዴ ተጠቅሞ ለሚጥል ንጹሕ ሻሽም ይሠራል። ማጣሪያው እንደ ወጣ፣ ሆፑ ሳይደርቅ፣ ውሃው ከውጭ ወደ ውስጥ እየገፋ ይታጠብ። ቀዳዳው ላይ የደረቀ የሆፕ ሙጫ ሰፊውን ቅርጫት ቀስ በቀስ ጠባብ ያደርገዋል።

እንግዲህ ማጣሪያ ከመግዛታችሁ ወይም ከመሥራታችሁ በፊት፣ የምትወዱት ቢራ ስንት ግራም ሆፕ እንደሚፈልግ አስሉ። ሆፑ አብጦ እንኳ ከቅርጫቱ ግማሽ የማያልፍበትን ስፋት ምረጡ፤ ቀዳዳውን 300 ወይም 400 ማይክሮን ላይ ተዉት። ለጠባብ ወንፊት ገንዘብ ከማውጣት ይልቅ ቢራው በቅዝቃዜ እስኪጠልል ጥቂት ቀን ታገሡት።