ዝም የማለት ተራ

«ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ኢንተርኔቱ ግን አይሠራም» የሚል አቤቱታ ያልሰማ የኔትወርክ ባለሙያ የለም። ደንበኛው እውነቱን ነው። ስልኩ ላይ የምናየው መስመር በዋናነት የሲግናሉን ጉልበት እንጂ ጥራቱን አያሳይም። አንድ ሰው ሁለት ታወሮችን እኩል፣ ሲቀነስ 80 ዲቢኤም ላይ ቢቀበል ጉልበቱ ግሩም ነው፤ የሚፈልገውና የሚረብሸው ግን እኩል ስለሆኑ ጥራቱ ዜሮ ዲቢ ላይ ይወርዳል። ሦስተኛ ታወር በዚያው ልክ ከገባበት ሲቀነስ 3 ይሆናል። በጂኤስኤም ጊዜ ለጎረቤታም ታወሮች የተለያየ ፍሪኩዌንሲ እየሰጠን እናመልጥ ነበር። ኤልቲኢ ላይ ጎረቤታሞቹ አንዱኑ ፍሪኩዌንሲ ስለሚጋሩ ከመስማማት ውጭ መንገድ የለም።

በእርግጥ ከስምምነት በፊት ጨዋነት ይቀድማል። አዲስ አበባን በመሰለ ተዳፋት ከተማ፣ እንጦጦ ግርጌ የተተከለ አንቴና ትንሽ ቀና ካለ የጎረቤቱን አልፎ ሩቅ ሰፈር ይገባል። ይህን በሶፍትዌር ለማከም መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ አንቴናውን ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ከትብብር ዓይነቶች እኔ የምወደው ከስሪ ጂፒፒ ሪሊዝ 10 ጋር የመጣውን ነው። ትልቁ ታወር በሥሩ ላሉት ትንንሽ ጣቢያዎች ሲል የተወሰኑ ሚሊሰከንዶችን ዝም ይላል። የመስኖ ውሃን በተራ እንደሚያደርሰው የውሃ አባት ማለት ነው። በኤፍዲዲ ስምምነቱ የ40 ቢት ሰንጠረዥ ሆኖ በኤክስ ቱ መስመር ይላካል፦ 1 ከሆነ ዝም፣ 0 ከሆነ እንደ ልብ። ዝምታው ፍጹም አይደለም፤ የማጣቀሻ ሲግናሉ አይቋረጥም።

ሪሊዝ 11 ያመጣው ኮምፕ ከዚህም ይሻገራል። ሁለት ታወሮች ለአንድ ስልክ ያንኑ ዳታ አብረው ይልካሉ፤ ረባሹ አጋዥ ይሆናል። ወረቀት ላይ ያስጎመጃል። ነገር ግን ዳታው ሁለቱም ዘንድ በሰዓቱ መድረስ አለበት። በማይክሮዌቭ እየተቀባበሉ የሚያገለግሉ ጣቢያዎች ይህን አይችሉትም፤ ወሬው እስኪደርስ የስልኩ ሁኔታ ተለውጧል። በዚያ ላይ ሲግናሎቹ ከ4.7 ማይክሮሰከንድ በላይ ተዛንፈው ከደረሱ፣ ማለትም የመንገዳቸው ልዩነት ከ1.4 ኪሎሜትር ካለፈ፣ እገዛው ተመልሶ ረብሻ ይሆናል። ስለዚህ ፋይበር በሌለበት ኮምፕን ባያበሩት ይሻላል።

ኤፍዲዲ ኤልቲኢ ያለ ትብብር ሲሠራ ታወሮች ሰዓታቸውን እንዲያገጣጥሙ አይጠይቅም፤ ዝምታውም ሆነ ኮምፑ ግን ይጠይቃል። እናም ወጣት ባልደረቦቼ ሆይ፣ ትብብሩ አልሠራ ሲላችሁ ፓራሜትር ከመነካካታችሁ በፊት ጣሪያ ላይ ውጡና አዲስ የተሠራ ፎቅ ለታወሩ ሰዓት የሚሰጠውን የጂፒኤስ አንቴና ከሰማይ ጋርዶት እንደሆነ እዩ።