ስለ ፎገራ ሜዳ የተሠራ የተማሪዎች የድረ ገጽ መጽሔት
(ሂሳዊ አስተያየት)

ጓደኞቻችን ለመመረቂያ ሥራቸው ስለ ወረታና ስለ ፎገራ ሜዳ አንድ መጽሔት አዘጋጅተው በድረ ገጽ አውጥተዋል። ሥራው በመምህራን ፊት በቀረበ ጊዜ መልኩ ተመስግኗል፤ ምስጋናውም ይገባዋል። እኛ ግን ገጹን ደጋግመን ከመረመርን በኋላ፣ እንዲህ ያለ መጽሔት በምን መመዘን እንደሚገባው ያለንን አስተያየት ልናቀርብ ወደድን።

ይዘቱ መልካም ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ወደ ጣና ሲወርዱ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፤ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሩዝ ከገባ ወዲህ ግን ይኸው ውሃ የተኛበት መሬት ተፈላጊ እርሻ ሆኗል። አዘጋጆቹ ሩዙ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ መሆኑን፣ የፎገራ ከብት ግጦሽም እየጠበበ መሄዱን ከአርሶ አደሮች አፍ ሰምተው ጽፈዋል።

ጕድለቱ በአቀራረቡ ነው። አንደኛ፣ ጽሑፎቹ የተለጠፉት እንደ ፊደል ሳይሆን እንደ ሥዕል ነው። ምክንያታቸው የግዕዝ ፊደል በሌሎች መሣሪያዎች ላይ እንዳይበላሽ ነው ይላሉ። ይህ ሥጋት ቀድሞ እውነት ነበር፤ ይሁን እንጂ ፊደላችን በ1999 (እ.ኤ.አ.) ወደ ዩኒኮድ ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሥዕል የሆነ ጽሑፍ ለመጫን ከባድ ነው፤ በውስጡ ቃል መፈለግ አይቻልም፤ ለዓይነ ስውራን የሚያነበው መሣሪያም ድምፅ ሊሰጠው አይችልም።

ሁለተኛ፣ ርእሶችን የሚፈልገው ሣጥን «ዓሣ» ስንለው ያገኘውን «አሳ» ስንለው አጣው። ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን እንዲሁም ጸና ፀን እንደ አንድ ቈጥሮ እንዲፈልግ ማድረግ ከባድ ሥራ አልነበረም። ሦስተኛ፣ ከውጭ የተወሰደው የገጹ ቅርጽ ቀኑን በአውሮፓ አቈጣጠር ያትማል፤ ጽሑፉ ግን በእኛ አቈጣጠር ይናገራል። የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ስላልተገለጸ አንባቢው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይሳሳታል።

ከእኛ አንዱ ለዕረፍት ወረታ በሄደ ጊዜ፣ ለመጽሔቱ ቃላቸውን ለሰጡ አንድ አዛውንት ገጹን በስልኩ ሊያሳያቸው ሞከረ። ገጹ ሳይከፈት ቡናው በረካ ደረሰ። አዛውንቱም «የተናገርሁት የታል?» ብለው ጠየቁ። ከዚህ የሚበልጥ ሂስ እኛ የለንም።

ከሁሉ የሚያሳስበን ዕድሜው ነው። የድረ ገጹ ስምና ማስቀመጫ በየዓመቱ ክፍያ ይጠይቃል፤ አዘጋጆቹ ተመርቀው ሲበተኑ ከፋዩ ማን ነው? በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በኢትኖሎጂ ማኅበራቸው ቡሌቲን ያሳተሙት ጥናት ዛሬም ለተመራማሪ ይጠቅማል። ይህ ግን ባለቤት ካላገኘ የዓመት ዕድሜ የለውም።

ጥፋቱ የአዘጋጆቹ ብቻ አይደለም። ነጥብ የሚሰጠው ገጹ በቀረበበት ቀን በታየው መልክ ከሆነ፣ ተማሪ የሚደክመው ለመልክ ነው። ስለዚህ ወደፊት ገጹ በቀላል ስልክ፣ እዚያው ወረታ ላይ ተከፍቶ እንዲመዘን፣ ጽሑፉም በፊደል ተጽፎ አንድ የታተመ ቅጂ ጭምር በቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ እናሳስባለን። የሰው ቃል የተቀበለ ሰው ቃሉን ጠብቆ የማቈየት ዕዳ አለበትና።