ከሁሉ በፊት ርቀቱ

«ጋሼ፣ ስልኬ ልክ 10 ኪሎ ሜትር ነው ይላል። በብስክሌት መለካቱ ለምን አስፈለገ?» አለኝ፣ ዘንድሮ የከተማችንን የጎዳና ሩጫ ለማሰናዳት አብሮን የገባ ወጣት መምህር። ስለ ውሃ ወይም ስለ አምቡላንስ ቢጠይቀኝ በአጭሩ እመልስለት ነበር። የርቀት ነገር ሲነሳ ግን በአጭሩ ማለፍ አይሆንልኝም።

ስልክ ከሳተላይት የያዛቸውን ነጥቦች ያገጣጥማል፤ ነጥቦቹ በባሕር ዛፍ ጥላና በገደል ሥር ወዲያ ወዲህ ይላሉ። የመኪና ቆጣሪም ጎማው ባለቀ መጠን ርቀቱን ያበዛል። ሯጭ ደግሞ ኩርባን በውስጥ በኩል ይይዛል። ስለዚህ የሚለካው ሯጩ ሊሄድበት የሚችለው አጭሩ መስመር ነው፤ ከኩርባው ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ርቆ።

በብስክሌቱ የፊት ጎማ ላይ የሚገጠመው ጆንስ ቆጣሪ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ቀላል መሣሪያ ነው። ቀጥ ያለ አስፋልት ቢያንስ 300 ሜትር በብረት ሜትሮ ተለክቶ፣ ብስክሌቱ በዚያ ላይ አራት ጊዜ ይነዳል። የሩጫው መንገድ ከተለካ በኋላ እንደገና አራት ጊዜ። ምክንያቱም የአርሲ ማለዳ ብርድ ነው፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ጎማውን ስታሞቀው ያብጣል፣ የቆጣሪው ቁጥርም ይለወጣል። በመጨረሻ በየኪሎ ሜትሩ 1 ሜትር ይጨመራል። 10,010 ሜትር ማንንም አይጎዳም፤ 9,990 ግን ውሸት ነው። በእንግሊዝ የማንችስተር ማራቶን ከ2013 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. በ380 ሜትር አጥሮ በመገኘቱ ከ20,000 በላይ ሯጮች ሰዓታቸው ዕውቅና አጥቷል።

«ከፍታው ሰዓት ስለሚያዘገይ መንገዱን ቁልቁል እናድርገውና ይካካስ» የሚሉ ባልደረቦችም አሉኝ። ከተማችን በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆን እንኳ ይህን አልቀበልም። ለክብረ ወሰን የሚፈቀደው ቁልቁለት በኪሎ ሜትር 1 ሜትር ብቻ ነው። ከፍታውን አሠልጣኝ ያስላው፤ የእኛ ሥራ መንገዱን ማስተካከል ነው።

እንዲህ የምከርረው በምክንያት ነው። 200 ሜትር ያጠረ መንገድ በ30 ደቂቃ ለሚገባ ልጅ 36 ሰከንድ በነፃ ይሰጠዋል። በሌላ ከተማ ሩጫ እንዲህ ያለ ሰዓት ያገኘ አንድ ልጅ አውቃለሁ። ቤተሰቡ በግ ሸጠው ለክለብ ምርጫ አዲስ አበባ ላኩት። በትክክለኛው ርቀት ያ ሰዓት አልመጣም። ልጁ የተጠራጠረው መንገዱን አልነበረም፤ እግሩን ነው። ሩጫም ተወ።

አባቴ የድንበር ሽማግሌ ነበር። ጎረቤታሞች በመሬት ሲጣሉ ገመድ ይዞ ይጠራል። ጤዛ የነካ ገመድ ስለሚያጥር ፀሐይ እስኪያደርቀው አይለካም ነበር፤ ሰዎቹ ቢቸኩሉም፣ ቢቆጡም። በልጅነቴ ግትርነት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ጎማው እስኪሞቅ ስጠብቅ ከእሱ የወረስኩት ምን እንደሆነ ይገባኛል፤ ደሃ በሌላው ላይ ያለው እምነት የሚያርፈው በሚለካው ሰው እጅ ላይ ነው።

የምንሸልመው ገንዘብ ጥቂት ነው። ሙዚቃው ይቅር፣ ቲሸርቱም ይቅር። ለገበሬ ልጅ ልንሰጠው የምንችለው ትልቁ ነገር የትም ይዞት ቢሄድ የማያሳፍረው ሰዓት ነው። እኔ እስካለሁ ድረስ ያልተለካ መንገድ ላይ ማንም አይሮጥም።