የናቁት ወረቀት

አንድ ሰው ለአንድ ወረቀት 478 ሺህ ዶላር ከፈለ ሲባል ብትሰሙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ሰውየው ጤንነት ይመስለኛል። ወረቀቱ የቦታ ካርታ አይደለም፤ የአክሲዮን ሰነድም አይደለም። “ለንደን አፍተር ሚድናይት” የተባለ የ1927 ድምፅ አልባ ፊልም ፖስተር ነው። በ2014 ዳላስ ከተማ ውስጥ በጨረታ የተሸጠው በዚህ ዋጋ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያንብቡልኝ።) ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ ፊልሙ ራሱ የለም። የመጨረሻው የታወቀ ቅጂ በ1960ዎቹ በኤም ጂ ኤም መጋዘን ቃጠሎ ወድሟል። ባለቤቱ ሞቶ ፎቶግራፉ ቀረ ማለት ነው።

እኔ ግን ዛሬ ላወራ የፈለግሁት ስለዚህ ባለጠጋ ፖስተር አይደለም። ስለ ድሃ ዘመዶቹ ነው። ሰብሳቢዎች “የሌላ ኩባንያ” የሚሏቸው ፖስተሮች አሉ። ስሙ ራሱ ንቀት አለበት አይደል? “የኛ” ያልሆነ፣ የሌላ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ለየፊልማቸው በደማቅ ቀለም ትልልቅ ፖስተር ያሳትሙ ነበር፤ የተለመደው መጠን 69 በ104 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ከ1940 ገደማ ጀምሮ ደግሞ የማከፋፈሉን ሥራ ናሽናል ስክሪን ሰርቪስ የተባለ ድርጅት ጠቀለለው። ሲኒማ ቤቱ ፖስተሩን ይከራያል፣ ይሰቅላል፣ ይመልሳል። ባለትልቁ ሲኒማ ይህ አይከብደውም። ፊልሙ ከወጣ ከወራት በኋላ የሚደርሰው የገጠር ከተማ ሲኒማ ባለቤት ግን ሳንቲሙን ይቆጥራል።

ለእሱ የደረሱለት ትንንሾቹ ማተሚያ ቤቶች ናቸው። ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ ሊደር ፕሬስ፣ በሰሜን ካሮላይናዋ ቤንሰን ከተማ ቤንተን ካርድ ነበሩ። አንዳንዱ ሥራቸው ስክሪን ፕሪንት ነው፤ ቀለሙ ብዙ ጊዜ ሁለት ቢበዛ ሦስት። 36 በ56 ሴንቲ ሜትር የሆነ የካርቶን ማስታወቂያም ነበር፤ የላይኛው ክፍሉ ባዶ ይተውና የሲኒማ ቤቱ ስምና የሚታይበት ቀን ይጻፍበታል። ከዚያ የሱቁ መስታወት ላይ ይለጠፋል። ቀኑ ሲያልፍ ቆሻሻ ነው፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ንግዱ ትንሽ መስሎ ቢታይም ጠብ ነበረበት። ፖስተር የሚያከራዩ የፊላደልፊያ ነጋዴዎች ናሽናል ስክሪን ሰርቪስና ስቱዲዮዎቹ ገበያውን በሞኖፖል ያዙት ብለው በ1942 ከሰሱ። በ1943 ተስማሙ፤ በ1949 እንደገና ከሰሱ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1955 ፍርድ ቤቱ፣ የመጀመሪያው ስምምነት ሁለተኛውን ክስ አያግድም አለ። ለግድግዳ ወረቀት እስከዚያ መሄድ! ግን ወረቀት ብቻ አልነበረም። ለሕዝብ ምን እንደሚነገር የሚወስነው ማን ነው የሚል ጥያቄ ነበር።

አሁን ወደ ትችቱ ልግባ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ከእነዚህ ፖስተሮች ብዙዎቹ አስቀያሚ ናቸው። የተዋናይዋ ፊት የራሷን እናት የሚያሳስት ነው። ፊደሉ ተጨናንቋል፤ ቀለሙ ከመስመሩ ወጥቷል። ድሮ ነጋዴዎች ሁለተኛ ደረጃ ብለው ሲንቋቸው ዓይናቸው ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ዛሬ ደግሞ “ብርቅ ነው” ስለተባለ ብቻ ሁሉንም ድንቅ ጥበብ የሚያደርግ ሰብሳቢ መጥቷል። ይኼም ያው የቀድሞው ስህተት ነው፤ ልብሱን ገልብጦ መልበስ። የድሮው በዋጋው ዝቅተኛነት ናቀ፤ የአሁኑ በዋጋው መወደድ አደነቀ። ሁለቱም ወረቀቱን አላዩትም።

ታዲያ ምኑን እንይ? የት ተሰቀለ፣ ለማን ተሰቀለ፣ ስቱዲዮው ያልነገረንን ምን ይነግረናል? የስቱዲዮው ፖስተር የሚናገረው ሻጩ ምን መሸጥ እንደፈለገ ነው፤ የተዋናዩ ስም ስፋት እንኳ በውል ይለካል። ከዋናው መንገድ ውጭ የታተመው ግን ተመልካቹ ማንን ለማየት እንደወጣ ይነግራችኋል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። “ዘ ዱክ ኢዝ ቶፕስ” የተባለው ፊልም በ1938 ሲወጣ ኮከቡ ራልፍ ኩፐር ነበር። በ1943 ከታላላቆቹ ስቱዲዮዎች ውጭ የነበረ ቶዲ ፒክቸርስ የሚባል አከፋፋይ “ዘ ብሮንዝ ቪነስ” ብሎ ስሙን ቀየረና ሊና ሆርንን ከሁሉ በላይ አደረጋት። በዚያው ዘመን ኤም ጂ ኤም የእሷን ትዕይንቶች በደቡብ ግዛቶች ሲታይ ቆርጦ ለማውጣት እንዲመች አድርጎ ይቀርጽ ነበር። ልብ በሉ፤ አንዷ ሴት ናት። በሀብታሙ ፊልም ውስጥ በመቀስ የምትወጣ፣ በድሃው ፖስተር ላይ ንግሥት። ታሪክ ጸሐፊ ሁለተኛውን ወረቀት ካላገኘ ግማሹን እውነት ብቻ ይጽፋል።

የጠፋው ደግሞ ብዙ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት ከአሜሪካ ድምፅ አልባ ረጅም ፊልሞች 70 በመቶው ጨርሶ ጠፍቷል። የጥቁር አሜሪካዊው ዳይሬክተር ኦስካር ሚሾ የመጀመሪያ ፊልም፣ የ1919ኙ “ዘ ሆምስቴደር”፣ ከጠፉት አንዱ ነው። የ1920ው “ዊዝን አወር ጌትስ” የተረፈው አንድ ቅጂ ስፔን ውስጥ ስለተገኘ ነው። የአገሩ ሰው ያልጠበቀውን ባዕድ አገር ጠበቀው። በ2008 የአሜሪካ ፖስታ ቤት አምስት የቀድሞ የጥቁሮች ፊልም ፖስተሮችን ቴምብር ላይ አወጣ። የናቁት ያደርጋል ራቁት ይላል የኛ ሰው፤ አሜሪካኖቹ ራቁታቸውን ሊቀሩ ጥቂት ሲቀራቸው ነው የባነኑት። ያነቋቸውም “ወረቀት ይለቅማሉ” ተብለው የተሳቀባቸው ሰብሳቢዎች ናቸው። ሰብሳቢው ግን አንድ ዕዳ አለበት፦ ያዳነውን በካዝና ከቆለፈ ከቃጠሎው ብዙም አይሻልም።

እኛስ? በ2000ዎቹ የአማርኛ ፊልም ሲፈላ ግድግዳው፣ የመብራት ምሰሶው፣ አጥሩ ሁሉ ፖስተር ነበር። አንዱ በአንዱ ላይ እየተለጠፈ እንደ እንጀራ ይደራረብ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ የሰፈር ቪዲዮ ቤቶች ነበሩ፤ የዕለቱን ፊልም በር ላይ ባቆሙት ሰሌዳ በቾክ ይጽፉ ነበር። የአርኖልድንና የጃኪ ቻንን ስም በራሳቸው ፊደል የሚጽፉት ልጆች ያለጥርጥር የእኛ “ሌላ ኩባንያ” ናቸው። የቾኩ በእርጥብ ጨርቅ ተጠረገ። የግድግዳው በዝናብ ሄደ።

አንድ ወዳጄን ከእነዚያ ፖስተሮች ያስቀመጥከው አለ ወይ አልኩት። “ምን ሊሠራልኝ?” አለኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችን ስለሆነ አልፈርድበትም። ግን መልስ አለው። በየትኛው ሰፈር ምን እንደሳቅን፣ ለማን ብለን እንደተሰለፍን፣ ሥዕሉን በምን ቀለም እንደወደድነው የሚነግር ሌላ ሰነድ የለንም። ፊልሙ ራሱ በሲዲ ላይ ነበር፤ ሲዲ ደግሞ ይጫጫራል።

ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ ከፍራሽ ሥር፣ ከማተሚያ ቤታችሁ ጓዳ፣ ወይም ከተዘጋው ቪዲዮ ቤት ጣሪያ ላይ አንድ ጥቅልል ካለ ምድጃ ከማቀጣጠላችሁ በፊት ዘርግታችሁ እዩት። ጀርባው ላይ ቀኑንና የተለጠፈበትን ሰፈር በእርሳስ ጻፉበት። ዋጋውን ሌላ ሰው ይተምነው።