ሳፋሪ ለእኛ፣ ሰፈራ ለእነሱ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጆቼ እዚሁ አሜሪካ ተወልደው ያደጉ ናቸው። አንበሳን የሚያውቁት በካርቱን ፊልምና በዋሽንግተን ዲሲ የእንስሳት ማሳያ ውስጥ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ትልቋ ልጄ «አባዬ፣ እኛ አፍሪካውያን ነን አይደል? አንበሳ በአገሩ አይተን የማናውቀው ለምንድን ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ያን ምሽት ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን የታንዛንያን የቤተሰብ ሳፋሪ ማጥናት ጀመርን።

ዝግጅቱ ቀላል አይደለም። ዊልደቢስት የተባሉት ቀንዳም የዱር እንስሳት በመንጋ የማራን ወንዝ ሲሻገሩ ለማየት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ በደቡብ ሰረንጌቲ ሲወልዱ ለማየት ደግሞ ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት መሄድ ያስፈልጋል። ልጅ ያለው ሰው የሎጁን የዕድሜ ገደብ፣ የወባ መከላከያ ክኒኑንና ለቤተሰቡ ብቻ የሚመደብ መኪና ማሰብ አለበት። እንደኛ በአዲስ አበባ በኩል አልፎ እዚያ ከ12 ሰዓት በላይ ለሚቆይ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃም ይጠየቃል። የቅንጦት ከሚባሉት ሎጆች ብዙዎቹ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ሌሊት ከ1,000 ዶላር በላይ ያስከፍላሉ።

የኔ ጥያቄ ግን ዋጋው አይደለም። ያገላበጥኳቸው የማስታወቂያ ወረቀቶች ሁሉ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፦ «ያልተነካ ምድር»፣ «ድንግል ተፈጥሮ»፣ «ዓለም ስትፈጠር እንደነበረችው»። በሥዕሎቹ ላይ አንበሳ አለ፤ ዝሆን አለ፤ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አለ። ሰው ግን የለም። ማሳዩ ብቅ ካለም ቀይ ሹካውን አጣፍቶ ማታ እንግዳ ሊያዝናና ሲዘል ነው። ቤቱ የት እንደሆነ፣ ከብቱ የት እንደሚግጥ የሚናገር ወረቀት አላጋጠመኝም።

ይህ ቋንቋ ከየት መጣ? ምንጩ ብዙ ቢሆንም፣ እንደ በርንሃርድ ግርዚሜክ ለሕዝብ ያሰራጨው ሰው ጥቂት ነው። የፍራንክፈርት የእንስሳት ማሳያ ዳይሬክተር የነበረው ይህ ጀርመናዊ ከልጁ ከሚካኤል ጋር የሜዳ አህያ መስመር በተቀባች ትንሽ አውሮፕላን እየበረረ የሰረንጌቲን እንስሳት ቆጠረ። ከዚያ የተወለደው «ሰረንጌቲ መሞት የለበትም» የተሰኘው ፊልም በ1959 ወጥቶ በ1960 የኦስካር ሽልማት አገኘ። ሚካኤል ፊልሙን ጨርሶ አላየውም፤ በጥር 1959 አውሮፕላኑ ከጥንብ አንሣ ጋር ተጋጭታ በ24 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረውም እዚያው በንጎሮንጎሮ አፋፍ ላይ ነው። አባትየውም በ1987 ሲሞት አመዱ ከልጁ አጠገብ አረፈ።

ልጅ ያለው ሰው ይህን አንብቦ ልቡ አይጨክንም። የአባትና የልጁ ፍቅር እውነት ነው፤ ለእንስሳቱ የነበራቸው ፍቅርም እውነት ነው። ነገር ግን ግርዚሜክ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሰው፣ የአገሩ ተወላጅም ቢሆን፣ መኖር የለበትም ብሎ ያምን ነበር። አውሮፕላኗ ከላይ ሆና እንስሳቱን ስትቆጥር ማሳዩን የቆጠረችው እንደ ባለቤት ሳይሆን እንደ ሥጋት ነው። የዛሬው የቅንጦት ማስታወቂያ የዚያ ፊልም የልጅ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛ ይመጣል። በ1880ዎቹ መጨረሻ ከጣልያን ጦር ጋር በምጽዋ በኩል በገቡ ከብቶች ደርሶ ነው የሚባለው የከብት ወረርሽኝ፣ በእኛ አጠራር «ደስታ»፣ ኢትዮጵያን ምን እንዳደረጋት እናውቃለን። አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉት እሱን ተከትሎ የመጣውን ረሃብ ነው። ያ ወረርሽኝ ግን እኛ ዘንድ አልቆመም። ወደ ደቡብ ወርዶ በ1890ዎቹ መጀመሪያ የማሳዩን ከብት ፈጀ፤ ሕዝቡም በረሃብና በፈንጣጣ አለቀ። ከዚያ በኋላ የመጡት አውሮፓውያን ያዩት ባዶ ሜዳ «ዓለም ስትፈጠር የነበረ» አልነበረም። የክፉ ቀን ማግስት ነበር። የሚገርመው፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ 250 ሺህ ገደማ የነበረው የዊልደቢስት ቁጥር በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአንድ ሚሊዮን ያለፈው ከብት አርቢዎቹ ስለተባረሩ ብቻ አይደለም። ትልቁ ምክንያት በአካባቢው ያሉ የአርሶ አደርና የአርብቶ አደር ከብቶች ተከትበው በሽታው ከዱር እንስሳቱ መካከል መጥፋቱ ነው።

በ1959 ግን ማሳዮች ከሰረንጌቲ ፓርክ እንዲወጡ ተደረገ፤ በምትኩ በንጎሮንጎሮ እንደሚኖሩ ቃል ተገባላቸው። በ1974 ከንጎሮንጎሮ ጎድጓዳ ወለል ተነሡ፤ በቀጣዩ ዓመት እርሻ ተከለከሉ። በሰኔ 2022 በሎሊዮንዶ 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ሊከለል ችካል ሲተከል ግጭት ተነሥቶ ማሳዮች በጥይት ቆሰሉ፣ አንድ ፖሊስም ተገደለ፤ ብዙዎች ወደ ኬንያ ሸሹ። በዚያው ዓመት የንጎሮንጎሮ ነዋሪዎችን ወደ ምሶሜራ፣ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ማዛወር ተጀመረ። መንግሥት «ሕዝቡ በዝቷል፣ የሚሄዱትም በፈቃዳቸው ነው» ይላል። በነሐሴ 2024 ግን በሺህ የሚቆጠሩ ማሳዮች ወጥተው የቱሪስት መኪናዎች የሚያልፉበትን መንገድ ዘጉ። ፈቃደኛ ሰው መንገድ ይዘጋል?

«ሳፋሪ» በስዋሂሊ ጉዞ ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ግን አንዲቱን «ሳ» ወደ «ሰ» ብንለውጣት «ሰፋሪ» ይሆናል። ሰፋሪ ማለት ምን እንደሆነ ለእኛ ትውልድ መተርጎም አያሻም። የእናቴ ወንድም ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከወሎ ወደ መተከል የሄደ ሰፋሪ ነበር። መሬት አገኘ፣ ቤት ሠራ፣ ልጆች ወለደ። እስኪሞት ድረስ ግን «አገሬ» ሲል ጣቱ የሚያመለክተው ወደ ወሎ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«ይህ የታንዛንያ ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል ካለ ሰሜን ተራሮችን ያስታውስ። ፓርኩ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። በመካከሉ፣ በ2016፣ ከ2,000 በላይ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። መዝገቡ ሲጸዳ አጨበጨብን፤ ስለ ግጭ ሰዎች የጠየቅን ስንቶቻችን ነን?

ፍትሐዊ ልሁን። ከጎብኚው የሚገኘው ገንዘብ ባይኖር ብዙ ፓርክ ለአዳኝና ለእርሻ ይጋለጥ ነበር። ዋልያና ዝሆን ይጥፉ የሚልም የለም። የኔ ክርክር ጥበቃው ሰውን በማንሣት ብቻ ይሆናል ከሚለው ሐሳብ ጋር ነው። በኬንያ በኩል፣ በማሳይ ማራ ዙሪያ፣ ማሳዮች በስማቸው የያዙትን መሬት ለሎጆች አከራይተው ኪራይ የሚቀበሉባቸው ጥብቅ ሥፍራዎች አሉ። እነዚህም ነቀፋ አያጡም፤ ግጦሽ ይገደባል፣ መሬት በስሙ ለሌለው ወጣትና ለሴቶች ኪራዩ እምብዛም አይደርስም። ቢሆንም ባለመሬቱ ቢያንስ በውሉ ላይ ስሙ አለ።

እኛም የምንሄደው ወደዚያ ነው። ከመክፈላችን በፊት ሦስት ነገር ጠይቀናል፦ መሬቱ የማን ነው? ኪራዩ በየወሩ ለማን ይደርሳል? በድርቅ ጊዜ ከብቱ የት ይግጣል? ሁለት አዘጋጆች መልስ አልሰጡንም፤ ሦስተኛው መለሰ።

ለልጄም አንበሳውን ከማሳየቴ በፊት የአጎቴን ታሪክ ነግሬያታለሁ። «ታዲያ እኛም እንግዶች ነን ማለት ነው?» አለችኝ። «አዎ፤ እንግዳ ደግሞ የቤቱን ባለቤት ይጠይቃል» አልኳት።

ቸር ይግጠመን።