የደን አናት ከሰማይ ሲታይና ከምድር ሲለካ

በ2005 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የአማዞንን ደን ብርቱ ድርቅ መታው። በ2007 ስኮት ሳሌስካና ባልደረቦቹ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት አጭር ጽሑፍ፥ ይጠወልጋል የተባለው ደን በድርቁ ወራት ይልቁንም መለምለሙን በሳተላይት መለኪያ አመለከቱ። ከዚህም ተነሥተው ደኑ፥ ቢያንስ ለአጭር ጊዜ ድርቅ፥ ከታሰበው በላይ ቻይ ሳይሆን አይቀርም አሉ።

ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም፤ ደመና ሲሳሳ ብርሃን ይበዛል፥ ሥሩ የጠለቀ ዛፍም ውሃ ቶሎ አያጣም። ነገር ግን በ2010 አሪንዳም ሳማንታና ጓደኞቹ ያንኑ የሳተላይት መዝገብ መርምረው፥ በደመናና በጢስ የተበላሸው ሲወጣ ልምላሜው እንደማይገኝ ጻፉ።

መለኪያው የጠራ ቢሆን እንኳ ድምዳሜው አይጸናም። ሳተላይቱ የሚያየው የብዙ ዛፎችን አናት ባንድነት ነው እንጂ እያንዳንዱን ግንድ አይደለም። በ2009 ኦሊቨር ፊሊፕስና ባልደረቦቹ በምድር ላይ ግንድ በግንድ ከተለካው፥ በዚያው ድርቅ ብዙ ዛፍ መሞቱንና የደኑ ካርቦን መጕደሉን አሳይተዋል። ቅጠል በሳምንታት ያቈጠቍጣል፤ የግንድ ሞት ግን ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል።

እንግዲህ የአንድ ወቅት ልምላሜ ብቻውን ለደን ጤንነት ምስክር አይሆንም። የሰማዩን ሥዕል የሚያነብ ተማሪ፥ በዚያው ሥፍራ የተለካ ግንድ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።