መድፉን ማን ጎተተው?

ባለፈው እትም ስለ ቴዎድሮስ ካሳሁን (ቴዲ አፍሮ) ሁለት አጫጭር አስተያየቶች ወጥተው ነበር። አንደኛው ጸሐፊ ዘፋኙን የዘመናችን ነቢይ አድርጎታል፤ ሁለተኛው ደግሞ «የነገሥታት አወዳሽ» ብሎ አሰናብቶታል። ሁለቱንም ደጋግሜ አነበብኳቸው። የሚገርመው ነገር፣ በሁለቱም ውስጥ ስለ ዘፈን የተባለ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ስለ ዜማው የለም፤ ስለ ግጥሙ የለም፤ ስለ ድምፁም የለም። ያለው ስለ ሰውየው ነው፤ ከሰውየውም ይልቅ ስለ ደጋፊዎቹና ስለ ጠላቶቹ። ታዲያ ይህ ሂስ ይባላል ወይ?

በዶርማችንም ያው ነው። እኔ የጋይንት ልጅ ነኝ፤ አንድ ክፍል የምንጋራው ጓደኛዬ የወለጋ ልጅ ነው። «ጥቁር ሰው»ን ስከፍት እሱ መጽሐፉን ይዞ ይወጣል። መጀመሪያ ሊያጠና የሚሄድ መስሎኝ ነበር። በኋላ ጠየቅሁት። «ላንተ ዘፈን ነው፤ ለእኔ ግን አያቴ የነገሩኝ ነገር ነው የሚመጣብኝ» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝምና ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ አልከፈትኩትም ማለቴ ግን አይደለም፤ እሱ ሲወጣ እከፍታለሁ።

የጠቡ ታሪክ ረጅም ስለሆነ ሁሉን አልዘረዝርም። በ1997 ዓ.ም የወጣው «ያስተሰርያል» ከዚያ ዓመት ምርጫ ጋር ስለተገጣጠመ፣ ዘፋኙ አሰበውም አላሰበውም፣ ለብዙ ሰው የተቃውሞ መዝሙር ሆነ። በ2000 ዓ.ም ሰው ገጭቶ አምልጧል ተብሎ ታሰረ፤ እሱ አላደረግሁም ቢልም ተፈረደበትና ነሐሴ 2001 ዓ.ም ተፈታ። ደጋፊው ሰማዕት አደረገው፤ ነቃፊው ወንጀለኛ። ስለ ሟቹ የጎዳና ልጅ ግን ከሁለቱም ወገን ሲነሳ የሰማሁት በጣም ጥቂት ነው። በ2004 ዓ.ም ስለ ዐፄ ምኒልክና ስለ ዐድዋ የዘፈነበት «ጥቁር ሰው» ወጣ። በ2006 ዓ.ም አንድ መጽሔት የምኒልክን ዘመቻ «ቅዱስ ጦርነት» ብሏል ብሎ ጻፈበት፤ እሱ አላልኩም አለ፤ ግን ቃሉ አንዴ ወጥቷል። በምኒልክ የደቡብ ዘመቻ ቅድመ አያቶቻቸው የተጎዱባቸው ብዙ ኦሮሞዎች በደሌ ቢራን አንጠጣም አሉ፤ ፋብሪካውም የሙዚቃ ጉዞውን ስፖንሰር ማድረጉን ተወ። ሚያዝያ 2009 ዓ.ም «ኢትዮጵያ» የተባለው አልበም ወጣ። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ የአልበሙ ምረቃ በአዲስ አበባ ሒልተን እንዳይካሄድ ተከለከለ። በጥር 2010 ዓ.ም ግን በባሕር ዳር ስታዲየም ዘፈነ፤ የኛ አገር ልጅ እዚያ ያልነበረ እንኳ ነበርኩ ይላል።

እስቲ አሁን ወደ ዘፈኑ እንግባ። በበኩሌ የቴዲ ድምፅ ትልቅ ነው አልልም። የጥላሁን ገሠሠን ጉልበት የለውም። ያለው ሌላ ነው፤ ቃሉን አጥርቶ ያደርሳል፤ አብዛኛውን ግጥሙንና ዜማውን ራሱ ስለሚሠራም ቃሉና ዜማው አይጣሉም። የሬጌውን ምት ከአገራችን ቅኝት ጋር ሲያጋባ ስፌቱ አይታይም። ደግሞም ያነባል። «ማር እስከ ጧፍ» ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተነሳ ዘፈን ነው። ዘፈኑን ሰምተው መጽሐፉን ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት የተሰለፉ የክፍል ጓደኞች አውቃለሁ፤ አንዱን ቅጂ በተራ ነው ያነበቡት። የሥነ ጽሑፍ መምህር በሴሚስተር የማይሠራውን አንድ ዘፈን በሳምንት ሠራው። ይህን ማድረግ የሚችል ዘፋኝ ስንት አለን?

የእኔ ጥያቄ የሚነሳው ግን እዚያው አልበም ላይ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ከዘፈነው ነው። (በነገራችን ላይ፣ ንጉሡ ከመንገሣቸው በፊት ካሳ፣ ከነገሡ በኋላ ቴዎድሮስ፤ ዘፋኙ ደግሞ ቴዎድሮስ ካሳሁን። ደጋፊዎቹ ይህን ትንቢት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ሹፌሮቻችን መኪናቸው ላይ ቢጽፉት አይገርመኝም።) ይህን ዘፈን መጀመሪያ በወግ የሰማሁት ለእረፍት ወደ ቤት ስሄድ፣ ከነፋስ መውጫ ወደ ጨጨሆ በሚሄድ መኪና ውስጥ ነው። ሹፌሩ ድምፁን ለቀቀው። መኪናው ሙሉ ሰው አብሮ ያዜማል፤ እኔም ሳላስበው እንባዬ መጣ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና ዘፈኑ ሲያልቅ፣ «ንጉሡስ ደግ ተነሱ፤ መድፉን የጎተተውንም ያንሳ እንጂ» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። ሹፌሩ ዘፈኑን ደገመው።

መድፉን የጎተተው ማን ነው? ነገሩ እንዲህ ነው። ንጉሡ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሠራተኞችን አስቀምጠው መድፍ አስፈለሱ። ትልቁ ሴባስቶፖል ነው፤ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል። በጥቅምት 1860 ዓ.ም መግቢያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሱ። በጋይንት አድርገው፣ የዘቢጥን አቀበት ወጥተው፣ ዋድላን አቋርጠው፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ወርደውና ወጥተው መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ዛሬ መኪና በአንድ ቀን የሚጨርሰውን አገር ስድስት ወር ፈጀባቸው። መንገድ የለም፤ መንገዱን እየሠሩ ነው የሄዱት። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ይፈነቅሉ እንደነበር ያዩ ሰዎች ጽፈዋል፤ ይህ ታላቅነታቸው ነው። መድፉን ግን በጠፍር እየሳበ ያወጣው ስም የሌለው ብዙ ሰው ነው። ያን ሁሉ ሠራዊት ያበላውም የደረሱበት አገር ገበሬ ነው፤ ወዶ ይሁን ተገዶ ጎተራው ይናገር። መቅደላ ሥር የሚያልፈው በሽሎ ወርዶ የስማዳ ወሰን ይሆናል። ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው የቴዎድሮስ ታሪክ የሩቅ ታሪክ አይደለም፤ የደጃፉ ነው።

በዚያ ዘመን የነበሩ ጸሐፊዎችም እንደኛው ተከፍለው ነበር። ደብተራ ዘነብ የጻፉት ታሪከ ቴዎድሮስ በአድናቆት የተሞላ ነው፤ የሚያቆመውም ንጉሡ ገና በብርታታቸው ሳሉ ነው። አለቃ ወልደ ማርያም ግን እስከ መጨረሻው ይሄዳሉ፤ በ1859 ዓ.ም የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ፣ የበጌምድር ገበሬ ሲዘረፍ፣ ሁሉንም ይጽፋሉ። እኔ እንደሰማሁት ቴዲ በዘነብ ብዕር ነው የዘፈነው። ወልደ ማርያምን አልጠየቃቸውም። ብርሃኑ ዘሪሁንና አቤ ጉበኛም በልብ ወለዶቻቸው ወደ ንጉሡ ፍቅር ያደላሉ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የዘፋኙ ብቻ አይደለም፣ ከኛው ሥነ ጽሑፍ የወረሰው ነው።

እዚህ ላይ የሚቃወመኝ ጓደኛ እንደሚኖር አውቃለሁ። «ዘፈን የታሪክ ፈተና አይደለም፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ማንን ከማን ያነሳል?» ይላል። እውነት አለው። ግን የኛው አዝማሪ በሁለት ስንኝ ያነሳ ነበር! በአንድ ማሲንቆ ጌታውን ያወድሳል፤ በዚያችው ማሲንቆ፣ ሰሙን አስቀድሞ፣ በወርቁ ይወጋዋል። ቴዎድሮስን የሚያወድሱ ግጥሞች ብቻ ሳይሆኑ የሚያማርሩም ከዘመኑ ተርፈውልናል፤ ያውም ንጉሡን ከሚወድ ሕዝብ መካከል የወጡ። ቴዲ የዚህ ሙያ ወራሽ ነው ካልን፣ ግማሹን ውርስ ለምን እንደተወው መጠየቅ ጠላትነት አይደለም።

ከሁለቱም ወገን የምለየው እዚህ ላይ ነው። ነቃፊው «ንጉሥ አወደሰ» ብሎ ጆሮውን ይደፍናል፤ ስለዚህ ሙሾው ውስጥ ያለውን እውነተኛ ሐዘን አይሰማም። ደጋፊው ደግሞ ዘፈኑን ሰንደቅ አድርጎ ተክሎታል። ሰንደቅ ሰላምታ ይሰጡታል እንጂ አያዳምጡትም። እኔ ራሴ በዚያ መኪና ውስጥ ሳለቅስ እያዳመጥኩ አልነበረም፤ ያዳመጡት ሽማግሌው ናቸው። የሳቸው ጥያቄ ከገባኝ በኋላ ነው ጓደኛዬ መጽሐፉን ይዞ ለምን እንደሚወጣ በመጠኑ የገባኝ። ለእሱ የዘፈኑ ጎደሎ ምኒልክ ላይ ነው፤ ለእኛ ቴዎድሮስ ላይ። ልኩ አንድ ነው ማለቴ አይደለም፤ የኛዎቹ ንጉሡን «የኛ» ይሉ ነበር፣ የእሱዎቹ አላሉም። ይህን ልዩነት ለማለስለስ አልፈልግም።

ጽሑፉን ለዝግጅት ክፍሉ ከማስገባቴ በፊት ለጓደኛዬ አስነበብኩት። እየሳቀ «ሽማግሌው ከአንተ ይሻላሉ» አለኝ። ቆየት ብሎ ደግሞ «ስለ ምኒልክ ያልከው ግን አንሷል» አለ። ለሚቀጥለው እትም አንተው ጻፈው አልኩት። እስካሁን እሺም እምቢም አላለም።